ለፀሐያችን ዝግተኛ ፊልም

ዝግተኛ ፊልም ብዙ ብርሃን ይሻል፤ ውለታውን ግን በደቃቅ ቅንጣትና በጠራ ምስል ይመልሳል። ብርሃን ደግሞ ለቡራዩ ሰው ብርቅ አይደለም። ከክረምት ደመና በቀር፣ በገፈርሳ ውኃ ዳር ባለ 400 ፊልም መያዝ በቀትር ፋኖስ እንደ ማብራት ነው።

ለአደይ አበባ መስክ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ደማቁ የኮዳክ ኤክታር 100 ይስማማል። ለሰው ፊት ግን ለዘብ ያለውን ፖርትራ 160 እመርጣለሁ። ጠይም ፊት በነጭ ነጠላ ሲከበብ የካሜራው ብርሃን መለኪያ በነጩ ይታለላል፤ ፊቱም ይጨልማል። ስለዚህ ብርሃኑ ለፊት ይለካ፤ ባለቀለም ኔጋቲቭ የበዛ ብርሃንን ይችላል፣ ያነሰውን ግን ይቅር አይልም። ነጠላው ከነጥለቱ ደምቆ ባለቤቱ የጠፋበት ፎቶግራፍ ለማን መታሰቢያ ይሆናል?