የልጆችን የቃል ጨዋታ ማን ይቅረጸው፤ ቆጠራ ወይስ መምህር?

ቆጠራ ይምራ

አሜሪካዊው አርክቴክት አልፍሬድ በትስ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሥራ አጥቶ በነበረበት ወቅት ጋዜጣ ዘርግቶ ፊደል ይቆጥር ነበር። የትኛው ፊደል ስንት ጊዜ እንደሚመጣ መዘገበ፤ በፊደል ጠጠሮች ቃል የሚሠራበት ጨዋታ ስክራብል የተወለደው ከዚያ ቆጠራ ነው። ከ100ዎቹ የእንግሊዝኛ ጠጠሮች 12ቱ «ኢ» የሆኑት፣ «ዜድ» ደግሞ አንዲት ብቻ ሆና 10 ነጥብ የምታስገኘው በዘፈቀደ አይደለም።

አማርኛ ይህን ሥራ አብዝቶ ይፈልገዋል። 33ቱ ፊደላት በ7 ቤት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ያውም ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ። «ን» እና «ጴ» እኩል ጠጠር ከተሰጣቸው ልጁ ቃል የማይወጣቸውን ሆሄያት ታቅፎ ይቀመጣል፤ ጨዋታውንም ይጠላዋል። መምህር በልምዱ ብቻ ልመጥን ቢልስ? ያደገበት አካባቢ ቃላት ሳያስበው ሚዛኑን ይደፉታል። የጎጃሙም የአዲስ አበባውም ልጅ እኩል እንዲጫወት ከየአካባቢው የተሰበሰበ ጽሑፍና ንግግር መቆጠር አለበት።

መምህር ይምረጥ

ከላይ የጻፉት ባልደረባችን ስለ ፊደል ያነሱት ትክክል ነው። ቃል ላይ ሲደረስ ግን ነገሩ ይለያል።

በኮምፒዩተር የተሰበሰበው የአማርኛ ጽሑፍ ብዙው ዜና ነው። ድግግሞሽ ብቻ ከተከተሉ የሰባት ዓመት ልጅ ከ«ድመት» በፊት «ሚኒስቴር» እና «አስታወቀ» ይገጥሙታል። በዚያ ላይ «ቤቱ»፣ «ከቤታችን»፣ «ለቤቶቹ» በተራ ቆጠራ ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ልጁ «ጸሀይ» ብሎ ቢጽፍና ጨዋታው የሚያውቀው «ፀሐይ»ን ብቻ ቢሆንስ? ቀይ ምልክት ይበራበታል፤ ያነበበውን በትክክል የጻፈ ልጅ ተሳስተሃል ይባላል። የትኛው አጻጻፍ እንደሚበዛ ቆጠራ ይናገራል። ሁለቱንም መቀበል እንደሚገባ የሚወስነው ግን ልጆችን የሚያውቅ ሰው ነው።

ባለ አምስት ፊደል ቃል የሚገመትበት ጨዋታ የወርድል ታሪክም ይህንኑ ያሳያል። ፈጣሪው ጆሽ ዋርድል እጁ ላይ 12,000 ያህል ባለ አምስት ፊደል የእንግሊዝኛ ቃላት ነበሩት። የምታውቀውንና የማታውቀውን እየለየች ዝርዝሩን ወደ 2,500 ገደማ ያወረደችው የሕይወት አጋሩ ፓላክ ሻህ ናት። እ.ኤ.አ. በ2021 ለሕዝብ የቀረበውን ጨዋታ ሚሊዮኖች የወደዱት መልሱ የሚያውቁት ቃል ስለሆነ ጭምር ነው።

ለልጆች የአማርኛ ጨዋታ የምትሠሩ ሁሉ፣ ፊደሉን ቁጠሩ፤ የቃላቱን ዝርዝር ግን ከመጫናችሁ በፊት ለአንደኛና ለሁለተኛ ክፍል መምህራን አስነብቡ፤ የሰረዙትንም አውጡ።