ከጥበብ ሰዎች ጋራ ስለ መነጋገር

ወደ መቀሌ የሄደ እንግዳ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ያሠሩትን ቤተ መንግሥት ሳያይ መመለስ አይወድም። ሕንጻው የተሠራው በ1870ዎቹ ዓመተ ምሕረት ሲሆን፥ ሥራውን የመራው ጃኮሞ ናሬቲ የሚባል ኢጣሊያዊ አናጢ ነበረ፤ ለንጉሠ ነገሥቱ ዙፋን የሠራም እርሱ ነው። የናሬቲ ስም ተጽፎ ስለ ቀረ እስከ ዛሬ ይነሣል። ነገር ግን በእርሱ ትእዛዝ ድንጋዩን የጠረቡትን፥ እንጨቱን የላጉትን የአገራችንን ሰዎች በስማቸው የሚጠራቸው ማን ነው? ያን ከባድ ግንድ በምን ዘዴ ወደ ላይ እንዳወጡት ጠይቆ የጻፈ ሰው ቢኖር ኖሮ፥ ዛሬ ለአናጢዎቻችን ልጆች ትልቅ ትምህርት በሆነ ነበር።

በሥዕልም ነገሩ እንዲሁ ነው። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበረውን መነኩሴ ሠዓሊ ፍሬ ጽዮንን የምናውቀው፥ በጣና ደሴት በዳጋ እስጢፋኖስ ባለው የእመቤታችን ሥዕል ላይ ስሙ ተጽፎ ስለ ተገኘ ነው። ያች ጥቂት ጽሕፈት ስሙን ከ500 ዓመት በላይ ጠበቀችለት፤ ቀለሙን እንዴት አድርጎ እንደ በጠበጠ ግን አልነገረችንም።

ወደ ትግራይ እንመለስና፥ በ1928 ዓ.ም. በዐድዋ አጠገብ የተወለዱት ደራሲ አቶ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ከእነዚህ ይልቅ ዕድለኛ ነበሩ። «ሌቱም አይነጋልኝ» የተባለው መጽሐፋቸው (ስለ ያዘው ነገር በቤተ ሰብ ገጽ መናገር ባይስማማንም) በሳንሱር ምክንያት ለብዙ ዓመታት ሳይታተም ቆይቷል። ደራሲውን ግን የሚጠይቃቸው ሰው አላጡም። አቶ ዘነበ ወላ አጠገባቸው ተቀምጠው ስለ ሕይወታቸውና ስለ ድርሰታቸው ያወጓቸውን ሰብስበው «ማስታወሻ» ብለው አሳተሙት። አቶ ስብሐት የካቲት 12 ቀን 2004 ዓ.ም. ዐረፉ። ጠያቂው «ሌላ ጊዜ ይደርሳል» ብለው ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ወግ የት ይገኝ ነበር?

እኛ የጋዜጣ ሰዎች በዚህ ነገር ጥፋተኞች መሆናችንን አንሸሽግም። ደራሲ ባገኘን ጊዜ የት እንደ ተወለደ፥ ማን እንደ ሸለመው እንጠይቅና ደብተራችንን አጥፈን እንነሣለን። መጀመሪያውን ገጽ ስንት ጊዜ ቀድዶ እንደ ጣለው፥ ከጻፈው ውስጥ ምኑን እንደ ሰረዘው፥ ስለ ምንስ እንደ ሰረዘው አንጠይቀውም። ሠዓሊውንም «ይህ ምንድር ነው?» ከማለት በቀር ብሩሹን ከየት እንደ ጀመረ ለማወቅ አንተጋም። ሹመትና ሽልማት ከመዝገብ ይገኛል፤ የተሰረዘው ቃል ግን ከባለቤቱ አፍ በቀር ከወዴት ይገኛል?

ስለዚህ በመቀሌም ሆነ በሌላ አገር የምትኖሩ ክቡራን አንባቢዎቻችን፥ በቤታችሁ ክራር የሚመታ አጎት ወይም ግጥም የምታወርድ አክስት ያለቻችሁ እንደ ሆነ፥ በእሑድ ቡና ላይ ይህነን ጠይቋቸው። መልሱን ከነቀኑ ጽፋችሁ ብትልኩልን፥ ፎቶግራፍም ቢገኝ፥ በዚሁ ገጽ እናወጣዋለን።