የእሳት ተከላካዩ መሥዋዕትነትና የእኛ ግዴታ

ሌላው ከእሳት ሲሸሽ ወደ እሳቱ የሚገሠግስ አንድ ሠራተኛ አለ፤ እርሱም የእሳት አደጋ ተከላካይ ነው። ይህ ሠራተኛ ከግዳጁ ሳይመለስ ሲቀር በአበባ ጉንጉንና በውዳሴ ቃል እንሸኘዋለን። ተገቢ ነው። ዳሩ ግን ውዳሴው ሊሸፍነው የማይገባ ጥያቄ አለ፤ ወደ ምን ዓይነት አደጋ እንደሚገባ ተነግሮት ነበርን?

ሚያዝያ 18 ቀን 1978 ዓ.ም. ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ላይ፣ በሶቪየት ኅብረት በዩክሬን ምድር፣ የቼርኖቢል የአቶሚክ ኃይል ማመንጫ 4ኛው ሬአክተር ፈነዳ። በ23 ዓመቱ ወጣት መኮንን በቭላድሚር ፕራቪክ የሚመራው ቡድን ወዲያውኑ ደረሰ፤ ከፕሪፕያት ከተማም በቪክቶር ኪቤኖክ የሚመራው ተከተለ። እሳቱ ወደ ጎረቤቱ 3ኛ ሬአክተር እንዳይዛመት ጣራው ላይ ወጥተው ተፋለሙ፤ ጎሕ ሲቀድም የጣራውን ቃጠሎ ገቱት።

ነገር ግን የተፋለሙት እሳትን ብቻ አልነበረም። ጣራው ከደኅንነት ደንብ ውጪ በሚቀጣጠል ሬንጅ የተለበጠ ነበር። በእግራቸው ሥር የተበተነው ጥቁር ስብርባሪ ከሬአክተሩ ማሕፀን የወጣ ግራፋይት ነበር። የለበሱት ልብስ ከጨረር አያድንም፤ የጨረሩን ልክ የሚነግራቸውም አልነበረም። የሬአክተሩ የንድፍ ጉድለት ከሚያንቀሳቅሱት ሠራተኞች እንኳ ተሰውሮ ኖሯል።

ፕራቪክና ኪቤኖክ ግንቦት 3 ቀን በሞስኮ ሆስፒታል አረፉ። በዚያው ዓመት በጨረር ሕመም ከሞቱት 28 ሰዎች መካከል 6ቱ እሳት ተከላካዮች ነበሩ። ሁለቱ መኮንኖች ከሞቱ በኋላ የሶቪየት ኅብረት ጀግና የሚል ከፍተኛ ማዕረግ ተሰጣቸው። ማዕረጉ ይገባቸዋል፤ ይሁንና ኒሻን የጨረር መለኪያን ሊተካ ከቶ አይችልም። የጀግናው ቆራጥነት የኃላፊዎችን ዝምታ መሸፈኛ ሊሆንም አይገባም።

ይህ ትምህርት ሬአክተር በሌለበት ሠፈርም ይሠራል። በየመጋዘኑ የተደበቀ ቤንዚን፣ በጓዳ የተከማቸ የጋዝ ሲሊንደር፣ በዘፈቀደ የተቀጠለ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ መኪና የማያሳልፍ የተዘጋ መንገድ፣ እነዚህ ሁሉ ተከላካዩን ባልተነገረው አደጋ ውስጥ የሚጥሉ ናቸው። ስለዚህ የነዋሪዎች ማኅበራት የሠፈራቸውን መንገድና የውኃ መቅጃ ክፍት ያድርጉ። ሠራተኞች በሥራ ቦታቸው የሚገኘውን ተቀጣጣይ ዕቃ በግልጽ ያስመዝግቡ። ኃላፊዎችም ተከላካዩን በተሟላ ልብስና መሣሪያ ያስታጥቁ። ቃጠሎ በደረሰ ጊዜ ውስጥ ያለውን ሁሉ ሳንደብቅ እንንገረው።

በቼርኖቢል ከተማ የቆመውን የመታሰቢያ ሐውልት የሠሩት የሟቾቹ የሙያ ጓዶች ራሳቸው ናቸው። የእኛ መታሰቢያ ደግሞ ቀጣዩ ተከላካይ ከግዳጁ ወደ ልጆቹ በሰላም እንዲመለስ ማድረግ ነው።