እስከ ፋሲካ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አጭር ልብ ወለዴን ወደ እንግሊዝኛ ለመመለስ ሞክሬ ነበር። በታሪኩ ውስጥ አንድ ወጣት ከቤቱ ሲወጣ ለእናቱ «እስከ ፋሲካ እመጣለሁ» ይላታል። ቀሪው ታሪክ እናቲቱ ደጅ ደጁን እያየች የምታሳልፈው ጊዜ ነው። እኔም «እስከ»ን ያለ ምንም ጥርጣሬ «አንቲል» ብዬ አለፍሁ። ረቂቁን ያነበበልኝ፣ በእንግሊዝኛ አፉን የፈታ ወዳጄ ግን ግራ ተጋብቶ፣ «ልጁ መጥቶ እስከ ፋሲካ ከእርሷ ጋር የሚቆይ ከሆነ፣ ታዲያ ማንን ነው የምትጠብቀው?» ሲል ጠየቀኝ።

በአንዲት ቃል የተነሣ የሌለውን ልጅ እቤት አስቀምጬዋለሁ።

ስሕተቱ ከእንግሊዝኛ ድክመቴ ብቻ የመጣ ነው ብዬ አላምንም፤ ከአማርኛዬም ነው። የእኛ «እስከ» ሁለት ሥራ ይሠራል። «እስከ ዓርብ ቆይ» ስንል ድርጊቱ ሳይቋረጥ ዓርብ ድረስ ይዘልቃል፤ ይህ «አንቲል» ነው። «እስከ ዓርብ ጨርስ» ስንል ግን ዓርብ የመጨረሻው ወሰን ነው፤ ሥራው ከዚያ ሳያልፍ በአንዱ ቀን ያልቃል፤ ይህም «ባይ» ነው። አማርኛ ልዩነቱን ለግሱ ትቶታል፤ እንግሊዝኛ ለመስተዋድዱ ሰጥቶታል።

«በ»ም እንዲሁ ናት። «በሁለት ሰዓት እጨርሳለሁ» የሚል ሰው ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሞላ ማለቱ ይሁን፣ ሥራው ሁለት ሰዓት ይፈጅብኛል ማለቱ፣ ከዐውዱ ካልሆነ አይታወቅም። እንግሊዝኛ ለመጀመሪያው «አት»፣ ለሁለተኛው «ኢን» ይላል። (የመጀመሪያውን «አት ቱ» ብሎ የጻፈ ደግሞ መስተዋድዱን አግኝቶ ሰዓቱን ይስታል፤ የእኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት የእነርሱ ስምንት ነውና።)

በትምህርት ቤት ያስጠኑን ይህን አልነበረም። ለሰዓት «አት»፣ ለቀን «ኦን»፣ ለወርና ለዓመት «ኢን» የሚል ሰንጠረዥ ሸምድደን ወጣን። ሰንጠረዡ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ቶሎ ያልቃል። ጠዋት በጥቅሉ «ኢን» ሲሆን የሰኞ ጠዋት «ኦን» ይሆናል፤ ሌሊት «አት» ነው፤ የሳምንቱን መጨረሻ እንግሊዞች «አት»፣ አሜሪካውያን «ኦን» ይሉታል። ይህ ልማድ ነው፤ በማንበብ ብዛት ይለመዳል። «እስከ»ና «በ» ግን ንባብ ብቻውን አያርማቸውም፤ ምክንያቱም የምንሳሳተው ገና በአማርኛ ስናስብ ነው። እኔ የእንግሊዝኛ መምህር ብሆን ኖሮ ከሰንጠረዡ በፊት ተማሪዎቼን የገዛ አማርኛቸውን አስመረምራቸው ነበር።

ዐረፍተ ነገሩን ወደ «ባይ ኢስተር» ለወጥሁት። ልጁ «ለፋሲካ እመጣለሁ» ብሎ ቢሆን «ፎር ኢስተር» እጽፍ ነበር፤ እናቲቱም በዓሉን ብቻ ትጠብቅ ነበር። «ባይ» ግን እስከ በዓሉ ያሉትን ቀናት ሁሉ ክፍት ይተዋቸዋል። ስለዚህ በታረመው ትርጉም ሴትዮዋ ገና ጾሙ ሳይገባ ጀምራ ውሻ በጮኸ ቁጥር ትነሣለች፤ በአማርኛውም እንዲሁ ነበረች።