አማካሪ ከአዛዥ ጎን መቀመጥ ይገባዋልን?

ሥልጣን ባለበት ሁሉ ምክር ያስፈልጋል ቢባል የሚቃወም ሰው አይገኝም፤ ነገር ግን መካሪው የት ይቀመጥ የተባለ እንደ ሆነ አሳብ ሁሉ ይለያያል። ይህን ጥያቄ ያነሣሣብን በእስቴ ወረዳ ከተማ በመካነ ኢየሱስ የሰማነው ክርክር ነው። ከሥራ በኋላ የተሰበሰቡ ወጣት የመንግሥት ሠራተኞችና ለዕረፍት የመጡ ተማሪዎች «ስታር ትሬክ፥ ዘ ኔክስት ጄኔሬሽን» የተባለውን የአሜሪካ የቴሌቪዥን ትርኢት በኮምፒዩተር ተመልክተው ሲያበቁ፥ አንደኛው «ይህች ሴት ከካፒቴኑ ጎን ተቀምጣ ምን ትሠራለች?» ብሎ ጠየቀ። ነገሩ የጨዋታ ብቻ ሆኖ ስላልታየን፥ በዛሬው ዓምዳችን ልንመረምረው ወደድን።

በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1987 እስከ 1994 በታየው በዚህ የሳይንስ ልብ ወለድ፥ ካፒቴን ፒካርድ በጠፈር መርከቡ ማዘዣ ክፍል መካከል ይቀመጣል፤ በቀኙ ምክትሉ ራይከር፥ በግራው አማካሪዋ ዲያና ትሮይ አሉ። የአማካሪዋ ሥራ ሁለት ነው። በግል ክፍሏ የመርከቡን ሰዎች ኀዘንና ጭንቀት ታዳምጣለች፤ በማዘዣው ክፍል ደግሞ፥ በእናቷ ወገን ከወረሰችው የሰውን ስሜት የማወቅ ችሎታ የተነሣ፥ ከፊት የቆመው ባላጋራ በልቡ ምን እንደያዘ ለካፒቴኑ ትነግረዋለች።

ተቃዋሚዎቹ ሦስት ምክንያት አቀረቡ። አንደኛ፥ ማዘዣ ክፍል መሣሪያ ለሚይዝና ትእዛዝ ለሚፈጽም ሰው ብቻ ነው አሉ። ሁለተኛ፥ የተቆጣውን ሰው «ተቆጥቷል» ብሎ ለመናገር አማካሪ አያስፈልግም አሉ። ሦስተኛውና ከሁሉ የከበደው ግን፥ የሠራተኛውን ምስጢር የምትሰማ ሴት ከአዛዡ ጆሮ አጠገብ ከተቀመጠች ማን ደፍሮ ልቡን ይከፍትላታል? የሚለው ነው።

ለዚህ መልስ ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከመካነ ኢየሱስ በስተሰሜን ጉናን አልፎ ያለው ደብረ ታቦር የዐፄ ቴዎድሮስ ከተማ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ቁጣቸው በተነሣ ጊዜ የሚያበርዱላቸው ሰዎች በአጠገባቸው ነበሩ። ባለቤታቸው እቴጌ ተዋበች አንዷ ናቸው፤ እንግሊዛዊው ጆን ቤልም ሌላው ነው። ቤል የሊቀ መኳስነት ማዕርግ ነበረው፤ ሊቀ መኳስ ማለትም በጦር ሜዳ እንደ ንጉሥ ለብሶ የጠላትን ዐይን ወደ ራሱ የሚስብ ባለሟል ነው። እንግዲህ ይህ መካሪ በአዳራሽ ብቻ ሳይሆን ጦር በሚወረወርበት ስፍራ ከአዛዡ ጎን የሚገኝ ሰው ነበረ ማለት ነው።

እቴጌ ተዋበች በ1850 ዓ.ም. ዐረፉ። በ1852 ዓ.ም. የንጉሡ ወዳጅ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ፕላውደን በሽፍቶች እጅ ሞተ፤ ጥቂት ቆይቶም ቤል ንጉሡን ሲከላከል ወደቀ። ከዚያ ወዲያ የንጉሡ ቁጣ እየበረታ ሄደ። በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ተዘረፈች፥ ተቃጠለችም። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርንም አቃጥለው፥ በጋፋት የተሠራውን ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ ተጓዙ፤ ፍጻሜው በሚያዝያ ወር የሆነው ነው። ለዚህ ሁሉ ምክንያቱ የመካሪ መታጣት ብቻ ነው አንልም፤ ሸፍቶ ያልገባ አውራጃ ጥቂት ነበር፥ በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤም ለረጅም ጊዜ መልስ ሳያገኝ ቆይቷል። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ጭንቀት መካከል «ጃንሆይ፥ ይህስ ይቅር» ብሎ ለመናገር የሚደፍር ሰው ሲያንስ ምን እንደሚከተል ታሪኩ ያሳየናል።

በዘመናችንም ተመሳሳይ ነገር አለ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1977 በቴኔሪፌ ደሴት ሁለት ታላላቅ አውሮፕላኖች ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞቱ። የሆላንዱ አውሮፕላን ለመነሣት ሲሮጥ፥ መሐንዲሱ ሌላው አውሮፕላን ከመንገዱ ወጥቶ እንደ ሆነ ጠይቆ ነበር፤ ካፒቴኑ «አዎን፥ ወጥቷል» ባለ ጊዜ ግን ዝም አለ። ከዚህ ወዲህ የበረራ ሠራተኞች ለአዛዣቸው ደፍረው እንዲናገሩ፥ አዛዡም እንዲሰማ፥ በትምህርት ይሰጣቸው ጀመር። መሐንዲሱ በስፍራው ነበር፥ አደጋውንም ጠርጥሮ ነበር፤ የጎደለው ሁለተኛ ጊዜ መናገር ነው።

ስለዚህ የእኛ አሳብ አማካሪዋ ከካፒቴኑ ጎን ትቀመጥ የሚል ነው፤ ነገር ግን ያለ ግዴታ አይሁን። በመጀመሪያ፥ የተቀመጠችበትን ወንበር ሸክም ትሸከም። ደራሲዎቹም ይህን ያወቁት ይመስላል፤ በ1994 በታየው አንድ ክፍል ትሮይ የማዘዣውን ክፍል ፈተና ያለፈችው፥ መርከቡን ለማዳን ወዳጇን ወደ ሞት መላክ እንዳለባት በተረዳች ጊዜ ነው። ሁለተኛ፥ አዛዡ ያላየውን ትናገር እንጂ ያየውን አትድገምለት። ሦስተኛ፥ በግል ክፍሏ የሰማችው ከዚያ አይውጣ። በአገራችን የንስሐ አባት ከጌታው ማዕድ እየቀረበ፥ የሰማውን ኑዛዜ ግን በሆዱ ይዞ እንዲኖር ሕጉ ያዝዘዋል፤ ስለዚህ ሁለቱ ሥራዎች በአንድ ሰው ላይ ከባድ ናቸው እንጂ የማይቻሉ አይደሉም። ምስጢሩን መጠበቅ የማይችል ግን ከሁለቱ አንዱን ይልቀቅ።

ውድ አንባብያን፥ ከእናንተ ብዙዎቹ ዛሬ ከአለቃ ጎን ትቀመጣላችሁ፤ ነገ ደግሞ አለቃ ትሆናላችሁ። ዛሬ በስብሰባ ላይ የማይሆነውን «ይሆናል» ብላችሁ፥ ከወጣችሁ በኋላ በሻይ ቤት «ብዬ ነበር» ማለት ምክር አይደለም። ነገም በተራችሁ «ይህስ ይቅር» የሚላችሁን ሰው ወንበር ከአጠገባችሁ አታርቁ። አበው «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ያሉት ለጉልበት ብቻ አይደለምና።