ለዓይን ጎድጓዳ ጉዳት ቅድሚያ የሚሻው የትኛው ሕክምና ነው?

በትራፊክ አደጋ፣ በሥራ ላይ ጉዳትና በድብደባ ፊታቸው ተጎድቶ ወደ ጤና ተቋማት ከሚመጡ ወገኖች መካከል የዓይን ጎድጓዳቸው የተሰበረ ይገኙባቸዋል። ጎድጓዳው ከ7 አጥንቶች የተገጣጠመ ሲሆን፣ ወለሉና በአፍንጫ በኩል ያለው ግድግዳው እጅግ ስስ በመሆናቸው ከባድ ምት ሲያርፍ ቀድመው የሚሰበሩት እነርሱ ናቸው።

ስለዚህ ጉዳት ሲነሳ በአብዛኛው የሚታሰበው የተሰበረውን ወለል በቲታኒየም መረብ ወይም ከሕመምተኛው በተወሰደ አጥንት የሚጠግነው ቀዶ ሕክምና ነው። ሲቲ ስካንንና የዓይን፣ የፊትና የመንጋጋ ሐኪሞችን ቅንጅት ስለሚጠይቅ በትላልቅ ሆስፒታሎች መወሰኑ አያስገርምም። ይሁን እንጂ አዋቂ ሕመምተኛ እብጠቱ እስኪቀንስ በአብዛኛው እስከ ሁለት ሳምንት ሊጠብቅ ይችላል። ከክልል ወደ አዲስ አበባ ለመምጣት በቂ ጊዜ ነው።

የማይጠብቀው ሌላ ነው። ከዓይን ኳስ በስተጀርባ ደም ሲጠራቀም ግፊቱ የዕይታ ነርቭን የደም ዝውውር ያቋርጣል፤ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ውስጥ ካልተቃለለ የዓይን ብርሃን ላይመለስ ይችላል። መፍትሔው ግን ውስብስብ አይደለም። በማደንዘዣ መርፌ፣ በመቆንጠጫና በመቀስ የዓይን ቆብን ውጫዊ ጥግ ቆርጦ፣ የታችኛውን ጅማት በማላቀቅ ግፊቱን መቀነስ ነው። ሲቲ ስካን እስኪነሳ መጠበቅ ዓይኑን ሊያሳጣ ይችላል። ይህን በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎች የሚሠሩ ጠቅላላ ሐኪሞችና የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች ሊሠለጥኑበት የሚችሉ በመሆኑ፣ ሪፈር መጻፍ ብቻውን እንደ ሕክምና ሊቆጠር አይገባም። የዓይን ኳሱ ራሱ ከተቀደደ ግን ሳይጫኑ በጠንካራ መከለያ ሸፍኖ በአፋጣኝ መላክ ይገባል።

የሕፃናት ጉዳይ ደግሞ ለስህተት የተጋለጠ ነው። አጥንታቸው ተለጣጭ በመሆኑ ተሰብሮ ሲመለስ የዓይን ጡንቻን ቆንጥጦ ይይዛል። ዓይኑ ሳይቀላ ልጁን ያስመልሰዋል፣ የልብ ምቱም ይቀንሳል፤ በዚህም የጭንቅላት ጉዳት ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። ቀዶ ሕክምናው ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ መከናወን ስላለበት፣ በእንዲህ ያለው ሕፃን ላይ የሁለት ሳምንቱ ስሌት አይሠራም።

የወጪው ጥያቄም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ሲወጣ ለተጎጂ የድንገተኛ ሕክምና እስከ 2 ሺህ ብር መደንገጉ ይታወሳል። ድንጋጌው ትኩረቱን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ላይ ማድረጉ ተገቢ ነው። ሆኖም በእነዚያ ሰዓታት ተጎጂው የሚገኝበት ሆስፒታል የሠለጠነ እጅ ከሌለው ገንዘቡ ለአምቡላንስ ጉዞ ይውላል እንጂ ዓይኑን አያድንም።