ያጠፋሁት ቪዲዮ

ባለፈው ቅዳሜ፣ ከመካነ ሰላም ብዙም በማትርቀው ከተማችን ገበያ ውስጥ፣ አንድ ፖሊስ ቆሎ ሻጭ ልጅ በጥፊ ሲመታ የልጅ ልጄ በስልኩ ቀረጸ። ስልኩን ነጠቅኩና «ፖሊሱ አጥፋው ብሏል» ብዬ አጠፋሁት። እውነቱን ለመናገር ፖሊሱ ምንም አላለም። ያልኩት እኔ ነኝ። ደርግን ያየ ሰው መለዮ ሲያይ አንገቱን ይደፋል፤ እኩዮቼ ይረዱኛል።

ማታ ቡና ላይ ልጁ አኮረፈኝ። እናቱ «ልጄ ከሚታሰር ቪዲዮው ይጥፋ» ብላ ከእኔ ወገነች። እኔ ግን እንቅልፍ ስላጣሁ ሕገ መንግሥቱን ገለጥኩ። አንቀጽ 29 ማንኛውም ሰው መረጃ የመሰብሰብና የማሰራጨት ነጻነት አለው ይላል፤ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ግልጽ ይሁን ይላል። ፖሊስን መቅረጽን በስም የጠራ ቃል ግን አላገኘሁም።

ጠዋት ልጁ ዳማስ ፓካዳን አነሳብኝ። ሚያዝያ 2007 ዓ.ም. እስራኤል፣ ሆሎን ከተማ ውስጥ፣ ይህን ትውልደ ኢትዮጵያዊ ወታደር ፖሊሶች ሲደበድቡት የጥበቃ ካሜራ ቀረጸው። መጀመሪያ ፖሊስ መትተሃል ተብሎ የተያዘው ግን እሱ ነበር! ቪዲዮው ሲወጣ ቤተ እስራኤላውያን በኢየሩሳሌምና በቴል አቪቭ አደባባይ ወጡ፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ኔታንያሁም አስጠርተው አነጋገሩት። ፖሊሱ ከሥራ ቢሰናበትም ክስ አልተመሠረተበትም። ምስል ብቻውን ፍርድ አያመጣም፤ ቢያንስ የተመታው ሰው መቺ ተብሎ እንዳይቀር ያደርጋል። በ2012 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ የጆርጅ ፍሎይድን አሟሟት የቀረጸችውም የ17 ዓመት ልጅ ነበረች፤ የፖሊስ የመጀመሪያ መግለጫ የሚያወራው ስለ ሕመም ነበር።

በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ካሜራ የያዘው የእንግሊዝ ጦር ነበር። ዛሬ ልጆቻችን ኪስ ውስጥ ነው።

ስለዚህ ለልጁ የነገርኩት ይህን ነው፦ ራቅ ብለህ ቁም፤ ሥራ አታደናቅፍ፤ ወደ ጦር ካምፕ ስልክ አታዙር፤ የተመታውን ልጅ ፊት ቲክቶክ ላይ አትለጥፍ። ተው ካሉህ አትከራከር፤ ሮጠህ እኔን ጥራ።

እሑድ ከሰዓት የቆሎ ሻጩ እናት በራችንን አንኳኳች። «አባባ፣ ልጅዎ ቀርጿል አሉኝ። የልጄ ጆሮ አልሰማ ብሏል።» መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የልጅ ልጄ አየት አደረገኝና «አያቴ፣ የጠፋ ነገር ስልኩ መጣያ ውስጥ 30 ቀን ይቆያል» አለኝ።

ነገ እሷ፣ ልጁና እኔ አብረን ወደ ጣቢያው እንሄዳለን። እናቱ እስካሁን አልፈቀደችም።